ባንጆ እንድሥል ታዝዤ አምስተኛዋ ክር ላይ ቆሜያለሁ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሠዓሊት ከአራዳ
ሐምሌ 6 ቀን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ በትዕዛዝ ሥዕል የምሠራ ሴት ነኝ። ኪራዬን የሚከፍልልኝ የልጆች መማሪያ ሥዕል፣ የሠርግ መጥሪያና የሱቅ ግድግዳ ነው። ልቤ ያለው ግን ጨዋታ ያለው ሥዕል ላይ ነው፦ ጀበና ጥላ ይዛ ዝናብ ስትሻገር፣ አህያ ደብዳቤ ስታድል፣ መሰንቆ ጋቢ ለብሶ ፀሐይ ሲሞቅ። ሰው አይቶት ፈገግ ብሎ ካለፈ በኋላ ሁለት እርምጃ ተመልሶ ቀርቦ የሚያየው ዓይነት።

በሰኔ መጀመሪያ አንዲት እህት ደወለችልኝ። አዘዞ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አሁን በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ትኖራለች። ባለቤቷ የዚያው አገር ሰው ነው፤ ከአያቱ የወረሰው ባንጆ (ክብ ፊትና ረጅም አንገት ያለው ባለ አምስት ክር የሙዚቃ መሣሪያ) አለው፣ ማታ ማታ ይጫወትበታል። መስከረም ላይ ከተጋቡ ዐሥር ዓመት ይሞላቸዋልና ስምንት ሥዕሎች ልትሰጠው አስባለች። በሁሉም ሥዕሎች ባንጆ አለ፤ አገሩ ግን ጎንደር ነው። የላከችልኝን ዝርዝር እንዳለ ልገልብጠው፦

«ባንጆ ቡና ሲያፈላ። ባንጆ ከፋሲል ግንብ በላይ ጨረቃ ሆኖ። ባንጆ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ በርበሬ ሲያስመዝን። ባንጆ በጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ዛፉ ላይ ተሰቅሎ። ባንጆና መሰንቆ ተጣልተው ሲታረቁ። ባንጆ ከበገና ጋር። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ፣ በመላእክቱ ፊት ፈንታ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ባንጆዎች። ስምንተኛውን አንቺ ፈልጊልኝ።»

ዝርዝሩን ሳነብ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከደስታ ነው። ባንጆ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ለጎረቤቶቼ «ባንጆ ልሥል ነው» ስላቸው አዊ ያለው የባንጃ ወረዳ ይመስላቸዋል፤ «የባንጃን ተራራ ነው? ፈረሶቹን ነው?» ይሉኛል።

የመጀመሪያውን ንድፍ አምስቱንም መቃኛዎች አንገቱ ጫፍ ላይ ደርድሬ ላክሁ። ባንጆው እግር አውጥቶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሲኒ እያጠበ ነበር፤ ወድጄው ነበር። ባለቤቷ በድብቅ ሳይሆን እንደ ዋዛ እንዲያየው አድርጋ አሳየችው። የሰጠው መልስ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ቆንጆ ነው፤ ግን ይህ ባንጆ አይዘፍንም።»

ይህ ቃል ቆረቆረኝ። ሲኒ የሚያጥብ ባንጆ ተቀብሎ የመቃኛ ቦታ ሲሳሳት የማይቀበል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም እጀታው በአፉ በኩል የተሣለ ጀበና ባይ እንደዚያው እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ባንጆውን ወንበር ላይ አስደግፋ ያነሳችውን ፎቶ ልካልኛለች። አምስተኛዋ ክር ከሌሎቹ ታጥራለች፣ የራሷ መቃኛም ከአንገቱ ጎን ወጥታለች። በፎቶው ላይ መቃኛዋ በቀኝ በኩል ናት፤ ሌላ ቦታ ያየኋቸው ባንጆዎች ሁሉ ግን በግራ ናቸው። ስልኩ ገልብጦት ይሆናል ብዬ በግራ አድርጌ ሠርቻለሁ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ያቺ አጭር ክር ለምን አጠረች? ሥራዋን ካላወቅሁ ቦታዋን በልቤ አልይዘውም። ደግሞ የበገናውና የሥላሴ ጣሪያው ትዕዛዝ እጄን ይዞታል፤ እምቢ ልበል ወይስ መንገድ አለው? ለስምንት ሥዕል ምን ያህል መጠየቅ እንዳለብኝም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ክረምቱ ገብቷል፤ የ300 ግራም ወረቀት እንኳን እርጥበት ጠጥቶ ይጣመማል፣ ቀለም ለመድረቅ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ጊዜዬ አጭር ነው።


ክራረኛው
ሐምሌ 7 ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

እህቴ፣ እኔ ክራር እየደረደርኩ ያደግሁ የጎንደር ልጅ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ቴነሲ ውስጥ በዕቃ ማከማቻ ስሠራ አንድ ባልደረባዬ ባንጆ አስተምሮኛል። ሰውየው ልክ ነው፤ ያ ባንጆ አይዘፍንም።

አራቱ ክሮች ከታች ተነሥተው እስከ አንገቱ ጫፍ ይሄዳሉ፤ አራት መቃኛዎችም እዚያ ናቸው። አምስተኛዋ መንገድ ላይ ትቀራለች። በአንገቱ ላይ ቀጫጭን የብረት መስመሮች ተጋድመው ታያለሽ፤ ከጫፉ ወደ ታች ስትቆጥሪ አምስተኛው መስመር አጠገብ መቃኛዋ ከጎን ብቅ ትላለች። ስታጥር ድምፅዋ ቀጠነ። ተጫዋቹ ባንጆውን ሲታቀፍ ከሁሉ በላይ የምትሆነው እሷ ናት፤ ጊታር የሚያውቅ ሰው ላይኛዋን ወፍራም ድምፅ ያላት ይመስለዋል፤ እሷ ግን ከአምስቱ ሁሉ ቀጭኗ ናት። ብዙውን ጊዜ በግራ እጅ ጣት አትነካም። አውራ ጣት በየመሃሉ መታ መታ ያደርጋታል፣ እሷም ያንኑ አንድ ድምፅ እየደጋገመች ከዜማው በላይ ትጮኻለች። እልልታ አድርገሽ አስቢያት። ዘፋኙ ምንም ቢል እልልታው አይለወጥም አይደል?

ለእርሳስሽ የሚጠቅም ልኬት ልስጥሽ። የባንጆ ክብ ፊት ብዙውን ጊዜ ስፋቱ 11 ኢንች፣ ማለትም 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በርኩማው (ክሮቹን ከፊቱ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ እንጨት) ከክቡ መሃል ላይ አይቆምም፤ ወደ ታች ወረድ ይላል። 12ኛው የብረት መስመር ከአንገቱ ጫፍ እስከ በርኩማው ያለውን ርቀት እኩል ለሁለት ይከፍለዋል፤ ይህን ካበላሸሽ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሆነ ሳይገባው ዓይኑን ያመዋል። በርኩማውም በሙጫ የተለጠፈ አይደለም፤ ክሮቹ ተጭነውት ነው የቆመው። ክሮቹን ብታላዪአቸው ይወድቃል። ፊቱ ዙሪያውን በብረት ቀለበት ተይዞ በብዙ ትንንሽ መንጠቆዎች ወደ ኋላ ይሳባል፤ 24 የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁሉንም አትቁጠሪ፣ ግን እንደ ሐረግ እየተጠማዘዙ አይሂዱ፤ እኩል ርቀት ይኑራቸው።

አንድ ነገር ጠይቂያት፦ የባንጆው ፊት ቆዳ ነው ወይስ ፕላስቲክ? ዛሬ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። የአያት ባንጆ ከሆነ ግን ቆዳ ሊሆን ይችላል። ቆዳ ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ይላላል፣ ድምፁ ይሞታል፤ ደረቅ አየር ሲያገኝ ደግሞ ይወጠራል። እኛ ከበሮን ፀሐይ ወይም እሳት እንደምናሞቀው ማለት ነው። ስምንተኛውን ሥዕል ፈልጊልኝ ብላሻለች፤ እነሆ፦ ባንጆ በሐምሌ ጎንደር መጥቶ፣ ቆዳው ላልቶ፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ አንዲት እናት ምድጃ ዳር አስቀምጠው ሲያሞቁት።

ስለ መሰንቆው ጠብ ደግሞ። የባንጆ ድምፅ ሲመታ ወዲያው ይጠፋል፤ ለዚህ ነው ጣቶቹ ዕረፍት የሌላቸው። መሰንቆ በደጋን ስለሚሳብ አንዲት ድምፅ ይዞ እስከ ፈለገው ይቆያል። አንዱ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው፣ ሌላው ከጎጆ የሚወጣ ጭስ። የጠባቸውን ምክንያት ከዚህ በላይ አትፈልጊ።


ሠዓሊት ከአራዳ
ሐምሌ 7 ቀን፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እልልታ ያሉኝ ቃል ሁሉን ነገር ፈታልኝ። አሁን ያቺን ክር ስሥላት እጄ አያመነታም፤ ቡና የሚያፈላው ባንጆ ጎን ላይ መቃኛዋን ትንሽ እጅ አድርጌአት፣ እልል ስትል እጇን አፏ ላይ እንደምታደርግ ሴት ሆናለች። መቃኛነቷን ግን አልተወችም፤ ቢያዞሯት ክሯ ትጠብቃለች።

ቆዳውን ጠየቅኋት። የጥጃ ቆዳ ነው፣ አያቱ ያስገቡት ነው አለች። ባለቤቷ ዝናብ በመጣ ቁጥር ምድጃው ወዳለበት ክፍል ይዞት ይሄዳል፤ እሷ እስከ ዛሬ ሙቀት ፈልጎ የሚሄድ ይመስላት ነበር። ስለዚህ ስምንተኛው ሥዕል ተገኝቷል። እናቲቱን የማውቃቸውን አንዲት የቀበሌ 10 አሮጊት አስመስዬ እየነደፍኩ ነው፤ መዳፋቸውን እሳቱ ላይ ካሞቁ በኋላ የባንጆውን ፊት ይደባብሳሉ፣ የልጅ ሆድ እንደሚያሹ።

ጭሱንና ዝናቡን ደግሞ በውኃ ቀለም ሞከርኩት። የባንጆ ድምፅ ከአንገቱ ሥር የሚወጡ ጠብታዎች ሆነ፣ አንዳንዱ ጠብታ መሬት ሲነካ ይፈናጠራል። የመሰንቆው ግን ከሥዕሉ ግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ የሚሄድ አንድ ያልተቋረጠ የብሩሽ ጉዞ ነው። ሦስት ጊዜ አበላሽቼ በአራተኛው ትንፋሼን ይዤ ሳልቆም ጨረስኩት። ከመሰንቆው ኋላ ጭራው የሳሳ አንድ ፈረስ ቆሟል፤ ክሩን ያዋሰው እሱ ስለሆነ ሊሸመግል መብት አለው።


የታሪክ መምህር
ሐምሌ 8 ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ልጄ፣ ሥራሽን ሳላየው ወደድኩት። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁና ሁለት ነገር ልጨምር። አንዱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አትከፊብኝ።

ባንጆን የሠሩት በባርነት ወደ ካሪቢያንና ወደ ሰሜን አሜሪካ የተጋዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያዩት ሰዎች ጽፈውታል። ያን ጊዜ አካሉ ቅል ነበር፤ ቅል ተቆርጦ፣ ቆዳ ለብሶ፣ እንጨት አንገት ተሰክቶበት። በሴኔጋልና በጋምቢያ አካባቢ የጆላ ሕዝብ አኮንቲንግ የሚባል የቅል መሣሪያ አለው፤ ሦስት ክሮች አሉት፣ ከሦስቱ አንዷ አጭር ናት፣ በአውራ ጣት ትመታለች። ያቺ ያስቸገረችሽ ክር ዘመዶቿ ያሉት እዚያ ነው። ቅል ለጎንደር ሰው እንግዳ ስላልሆነ ከሥዕሎችሽ በአንዱ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ቅል አንገት አውጥቶ ክር ሲያበቅል ብታሳዪ ልጅቱም ባሏም ይረዱታል።

ማስጠንቀቂያዬ ይህ ነው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን በጥላሸት እየቀቡ፣ ባንጆ ይዘው፣ ጥቁሮችን እያዋረዱ መድረክ ላይ ያስቁ ነበር። በዚያ ዘመን የታተሙት «አስቂኝ» የባንጆ ሥዕሎች በወፍራም ከንፈርና በፈጠጠ ዓይን የተሞሉ ናቸው። አንቺ ለጨዋታ ምሳሌ ስትፈልጊ በይነ መረብ ላይ እነዚያ ይገጥሙሻል፤ ፈጽሞ መነሻ አታድርጊያቸው። የምትስቂው ባንጆው እግር ስላወጣ ይሁን እንጂ ባንጆ በያዘው ሰው ፊት ላይ አይሁን። ባንጆ የያዘ ሰው መሣል ከፈለግሽ እ.ኤ.አ. በ1893 ጥቁር አሜሪካዊው ሠዓሊ ሄንሪ ኦሳዋ ታነር የሠራውን «የባንጆ ትምህርት» ፈልገሽ ተመልከቺ። አንድ ሽማግሌ ሕፃን ልጅ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ባንጆ ያስይዙታል። ብርሃኑ ከሁለት ወገን ይመጣል፤ በአንድ በኩል የምድጃ ሙቅ ብርሃን፣ በሌላው የቀን ቀዝቃዛ ብርሃን። ምድጃ የምትሠሪ ሴት ይህን ሥዕል ሳታዪ ቀለም ብታነሺ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው አጭር ነው። ባንጆና መሰንቆ የት ነው የሚታረቁት? በፋሲል ግቢ ውስጥ ከ1716 እስከ 1721 (እ.ኤ.አ.) የነገሡት የዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ የዘፈን አዳራሽ ፍርስራሽ አለ። ንጉሡ አዝማሪዎችን ይወዱ ነበር፤ አዳራሹንም የሠሩት ለዚያ ነው። ዛሬ ጣሪያ የለውም። ለእርቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።


ሠዓሊት ከአራዳ
ሐምሌ 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

መምህር፣ ለምን እከፋለሁ? እንዲያውም ደነገጥኩ። ካሏቸው «አስቂኝ» ሥዕሎች ሁለቱ ስልኬ ውስጥ ነበሩ፤ የእጆቹን አያያዝ ለማየት ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ፊቶቹ ለምን እንደከበዱኝ አልገባኝም ነበር። አጥፍቻቸዋለሁ።

የታነርን አየሁት። ከምሳ በኋላ ተቀምጬ እስኪመሽ አየሁት ብል ማጋነን አይደለም። የልጁ እጅ ለባንጆው አንገት አጭር ነው፤ ሽማግሌው የባንጆውን ክብደት ይዘውለታል። የእኔዋን እናት ሁለት ብርሃን ሰጠኋቸው፤ በቀኝ የምድጃው ብርቱካንማ፣ በግራ በተከፈተው በር የሚገባው የሐምሌ ግራጫ ሰማይ። ቅሉን ገበያው ሥዕል ላይ አስገባሁት፤ በርበሬ በሚሸጡት ሴት አጠገብ ቅል የሚሸጥ ልጅ አለ፣ ከቅሎቹ አንዱ አንገት ጀምሯል።

ዳዊት አዳራሽ ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ሄድኩ። ግድግዳው ሥር ሣር በቅሏል፣ ድንጋዩ ረጥቦ ጥቁር ሆኗል። ፈረሱን የት እንደማቆመው እዚያው ቆሜ ወሰንኩ፤ በበሩ ክፍተት ውስጥ ነው፣ ግማሽ ፊቱ ብቻ ይታያል።


አሮጌ ብሩሽ
ሐምሌ 9 ቀን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

የኔ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አርባ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ዓይኔ ደክሞ የልጅ ልጄ እየጻፈችልኝ ነው።

የሥላሴን ጣሪያ ተይው። እነዚያ ፊቶች ጌጥ አይደሉም። የሚጸልይ ሰው ቀና ሲል ወዴትም ቢዞር የሚያዩት ናቸው፤ የተሣሉት ለዚያ ነው። በቦታቸው ባንጆ ብታስገቢ የአዘዞዋን ልጅ እናት ያሳዝናል፤ ልጅቷ ራቅ ብላ ስለኖረች ናፍቆቷ እንጂ ንቀቷ አይደለም ያን ያስባላት። ናፍቆቷን ግን ባዶ እጁን አትመልሺው። ክብ ነገር በብዛት ተደርድሮ ወደ ሰው የሚያይበት ሌላ ቦታ የለንም? መስከረም ለሚሰጥ ሥዕል አደይ አበባ አለልሽ። አንድ ሜዳ ሙሉ አደይ ሣዪ፤ የአንዳንዱ አበባ መሃል የባንጆ ፊት ይሁን፣ ግንዱ አንገት፣ ቅጠሉ መቃኛ። ልጅቷ አደይን አይታ የምታለቅስ ከሆነ ሥራሽ ደርሷል።

ከጣሪያው ግን አሣሣሉን ተዋሺ፤ እሱን ማንም አይከለክልሽም። ጥቁሩ ዙሪያ መስመር፣ ትልልቁ ዓይን፣ ሳይደበዝዝ በደማቁ የሚቀመጠው ቢጫና ቀይ። በእኛ አሣሣል በጎው ሰው ሙሉ ፊቱን ይሰጣል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው ግን በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ አለው። የአንቺ ባንጆ ፊቱ ክብ ነው፣ እግዚአብሔር በጎ አድርጎ ሰጥቶሻል። ከጎን አትሣዪው።

በገናውን በተመለከተ፦ ዐሥር ክሮቹ ለጸሎት ናቸው፣ በዐቢይ ጾም ይደረደራል። ሲኒ ከሚያጥብ ባንጆ ጋር አታጫውቺው።


ሠዓሊት ከአራዳ
ሐምሌ 10 ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ትናንት ማታ መልስዎን ለደንበኛዬ በስልክ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «እናቴ ትሰማኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለች፤ እናቷ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። አደዩን እሺ ብላለች። ሐምሌ ላይ አደይ ስለሌለ በልቤ ካለው ነው የምሠራው፤ ስምንት ቅጠል ያለውን ቢጫ አበባ ግን ማንም የጎንደር ልጅ ሳያይ ይሥለዋል።

በገናውን እንደሚከተለው አድርጌዋለሁ፤ ትክክል ካልሆነ ይንገሩኝ፣ እቀድደዋለሁ። የአንድ ቤት በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሚታየው ጥላ ብቻ ነው፤ በግድግዳ ላይ የወደቀ የበገና ምሰሶና ቀንበር። ባንጆው በገናውን አይነካም፣ ወደ ውስጥም አይገባም። ትንንሽ ጫማዎቹን አውልቆ ደፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። አምስቱም ክሮቹ ጸጥ ብለዋል፤ በሌሎቹ ሥዕሎች ሁሉ ከክሮቹ ጠብታ ይወጣል፣ እዚህ ግን አንድም ጠብታ የለም።


አሮጌ ብሩሽ
ሐምሌ 10 ቀን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ይሁን። ጫማውን ግራና ቀኙን አስተካክዪ፤ ልጅ ሲያወልቅ እንደሚጥለው አይሁን።


ከማተሚያ ቤት
ሐምሌ 11 ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ስለ ዋጋው ማንም ስላልመለሰልሽ እኔ ልበል። ሥዕል ተቀብሎ ለኅትመት ማዘጋጀት ሥራዬ ነው፤ ሠዓሊዎች የሚጎዱት ዋጋ በማሳነስ ብቻ አይደለም። ስምንት ሥዕል ሳትጀምሪ ግማሹን ቀብድ ተቀበዪ። ስንት ጊዜ እንደምታስተካክዪ በጽሑፍ ተስማሙ፤ በንድፍ ደረጃ ሁለት ጊዜ ያህል በነፃ፣ ቀለም ከገባ በኋላ ግን በክፍያ። ዋጋውን በሥዕል ሳይሆን በቀን አስቢው፤ አንድ ሥዕል አራት ቀን ከወሰደ የአራት ቀን ኪራይ፣ ምግብና ወረቀት ከነድካምሽ ነው። ውጭ ስላለች ብለሽ አታናሪ፣ የአገር ልጅ ናት ብለሽም አትጣዪው።

ሌላው፦ ሥዕሉን ነው የምትሸጪው ወይስ የማባዛት መብቱንም? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የማባዛት መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለአዛዡ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መብቱ የአንቺ እንደሚሆን በጽሑፍ ተስማሙ። ነገ ባልየው ወዶት ካርድ አሳትሞ ልሽጥ ቢል ያ ሌላ ስምምነት፣ ሌላ ዋጋ ነው። ከመላክሽ በፊት በስካነር በ600 ነጥብ በኢንች ጥራት አስነሺና ቅጂውን አስቀምጪ። በስልክ ያነሣሽውን አትመኚው፤ ቢጫውን ይበላዋል፣ አደይሽ ይከስማል።


ክራረኛው
ሐምሌ 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

እህቴ፣ ትናንት ማታ ጥያቄሽን እንደገና ሳነበው አንድ ያለፍኩት ነገር ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ባንጆው ወንበር ላይ ቆሞ በተነሣው ፎቶ መቃኛዋ በቀኝ ናት ብለሻል፤ ስልኩ ገልብጦት ይሆናል ብለሽ ወደ ግራ ወስደሻታል። ፊት ለፊት ስናየው አብዛኛው ባንጆ በግራ መሆኑ እውነት ነው። ለግራኝ ሰው የሚሠራ ባንጆ ግን በቀኝ ነው፤ ሁሉም ነገሩ ይገለበጣል። ፎቶው ላይ ጽሑፍ አለ? የሠሪው ስም አንገቱ ጫፍ ላይ ይጻፋል። ፊደሎቹ በትክክል የሚነበቡ ከሆነ ስልኩ ምንም አልገለበጠም። ሳትቀቢ ተመልከቺ።


ሠዓሊት ከአራዳ
ሐምሌ 12 ቀን፣ ከቀኑ 5 ሰዓት

ጽሑፍ አለ። ይነበባል። ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው።

ወዲያው ደወልኩላት፤ እዚያ ሌሊት መሆኑን እንኳን አላሰብኩም። ባለቤቷ ግራኝ ነው ወይ አልኳት። አይደለም፣ በቀኙ ነው የሚጽፈው፣ በቀኙ ነው የሚበላው አለች። ጠዋት ትጠይቀዋለች ብዬ ብሩሼን አጥቤ ተቀመጥኩ። ሦስት ሥዕሎች በጥቁር ቀለም አልቀዋል፦ ቡናው፣ ጨረቃውና ገበያው።


ሠዓሊት ከአራዳ
ሐምሌ 13 ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መልሱ መጣ። ግራኝ የነበሩት አያቱ ናቸው። ባንጆውን ለራሳቸው እጅ አሠርተውት ነበር። የልጅ ልጃቸው ሲማር ክሮቹን ገልብጦ ለቀኝ እጅ ማድረግ እንደማይችል፣ ያቺ የጎን መቃኛ ቦታዋን እንደማትለቅ ነግረውት፣ እሱም በግራ መጫወት ተማረ። በሌላው ነገር ሁሉ ቀኝ ነው፤ ባንጆ ሲይዝ ብቻ አያቱን ይሆናል። ሚስቱ ዐሥር ዓመት አብራው ኖራ ይህን ያወቀችው ትናንት ነው፤ ለምን እንደምትጠይቀው ግን አልነገረችውም።

ሦስቱን ሥዕሎች እንደገና ጀምሬአለሁ። ጨረቃው ቀላል ነው፤ ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ በጀርባው ነደፍኩትና የፋሲልን ግንብ ብቻ ወደ ቦታው መለስኩ፤ ግንቡ ተገልብጦ የጎንደር ሰው ቢያየው አይምረኝም። በቡናው ሥዕል እልል የምትለዋ ትንሽ እጅ ወደ ቀኝ ተሻገረች፣ ስለዚህ ጀበናውም ተሻገረ፣ ረከቦቱም ተከተለ። የምድጃው ሥዕል ገና በእርሳስ ስለነበር ተርፏል። እዚያ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ከእናቲቱ ኋላ፣ ከበሩ በሚገባው ግራጫ ብርሃን ውስጥ፣ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመው እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተዋል። ግራ እጃቸውን ነው።

ክራረኛው ወንድሜ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ግራኝ ሲጫወት አንገቱ በተመልካቹ በኩል ወደ ግራ ነው የሚያመለክተው አይደል? ነገ ጠዋት ዝናብ ካልመጣ ዳዊት አዳራሽ ሄጄ የእርቁን ሥዕል ልጨርስ ነው።


ክራረኛው
ሐምሌ 13 ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ወደ ግራ ነው። አውራ ጣቱም ከላይ ናት። ነገ እኔም ክራሬን ይዤ እመጣለሁ፤ ፈረሱ ያለበት በር አጠገብ ጠብቂኝ።